የፕለግ ኢን ሃይብሪድ መኪናዎን ማቀዝቀዣ እንዴት ይፈትሻሉ?

ኮፈኑን ከፍተው ሁለት ወይም ሦስት የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማጠራቀሚያ ቢያዩ አይደንግጡ። ይህ መኪና በነዳጅም በቻርጅም ስለሚሄድ የሚሞቀው ነገር ብዙ ነው። የነዳጅ ሞተሩ በደንብ የሚሠራው 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ባትሪው ግን በዚያ ሙቀት ይበላሻል፤ እሱን የሚስማማው በግምት ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ነው። የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር ደግሞ ሙቀቱ በሁለቱ መካከል ነው። ሁሉንም በአንድ የኩላንት መስመር ማቀዝቀዝ ስለማይቻል ብዙዎቹ መኪኖች መስመሩን ይለያዩታል።

መጀመሪያ መኪናውን ከቻርጀር ይንቀሉ፣ ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ! ድምፅ የለውም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ካልጠፋ ሞተሩ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ትኩስ ክዳን ከከፈቱ ደግሞ የፈላው ኩላንት ፊትዎ ላይ ይፈነዳል። ብርቱካናማ ገመዶችን አይንኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸው።

ቀጥሎ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዘው የትኛው ማጠራቀሚያ የማን እንደሆነ ይለዩ። ክዳኑን ሳይከፍቱ ኩላንቱ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል መሆኑን ከውጭ ይዩ። አንደኛው ብቻ ከቀነሰ የሚያፈሰው ያ መስመር ሊሆን ይችላል። ይህ ለመካኒኩ ትልቅ ፍንጭ ነው።

የጎደለውን ባገኙት ነገር አይሙሉ። የቧንቧ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ውስጡንም ያዝጋል። አንዳንድ የባትሪ መስመሮች ኤሌክትሪክ እምብዛም የማያስተላልፍ ልዩ ኩላንት ይፈልጋሉ፤ ባትሪው ውስጥ ቢያፈስ እንኳ ሾርት እንዳያደርግ ነው። በቀለም መመሳሰልም አይመኑ። ቀለሙ የፋብሪካው ምርጫ እንጂ የዓይነቱ ማረጋገጫ አይደለም።

የባትሪው ማቀዝቀዣ ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዳንዱ ከተሳፋሪው ክፍል አየር ይስባል። እንዲህ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለውን የአየር መግቢያ ይፈልጉ፤ ቦርሳ ወይም ልብስ አይድፈኑበት፣ ማጣሪያ ካለውም ያጽዱት። ሌላው በኩላንት ይቀዘቅዛል። በጣም ሲሞቅ የኤሲው ጋዝ ያንን ኩላንት ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ኤሲው ሲደክም የሚጎዳው የእርስዎ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ባትሪውም ይሞቃል። ኤሲውን ቶሎ ያሠሩት የምለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ቻርጅ ሲያደርጉ ጆሮ ይስጡ። መኪናው ቆሞ ሳለ ፋን ወይም ፓምፕ ቢጮህ ጤነኛ ነው፤ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ስለሚሞቅ። እየነዱ ሳለ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ግን ዳር ይዘው ይቁሙና ያጥፉት። ችግሩ የባትሪው መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ራስዎ አይፍቱት፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉት።