አሮጌ ላፕቶፕ ሳንቲም ሳይወጣበት እንዴት ይፈጥናል?

የእህቴ ልጅ እዚህ ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት ናት። ላፕቶፑን የወረሰችው ከታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱም ሲገዛው አዲስ አልነበረም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ይዛው መጣች።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሞቷል" አለችኝ።

አንድ ጥገና ቤት ወስዳው ነበር። ልጁ አብርቶ እንኳ ሳያየው "ፎርማት ይደረግ፣ ካልሆነ ሃርድ ዲስኩ ይቀየር" ብሏታል። የሁለቱንም ዋጋ ነግሯታል።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን አበራነው። ባለቤቴ ቡና እያጠበች ነበር። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ሲዞርልን፣ ላፕቶፑ ገና አይከኖቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር።

ማታ ላይ ግን ሰው ሆኖ ሄደ። አንድ ብር አልወጣም። ያደረግነውን በተራ እነግራችኋለሁ። የማወራው ስለ ዊንዶውስ 10 ነው፤ 11 ላይ የአንዳንዱ ነገር ቦታ ይለያል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ሪስታርት

አትሳቁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ስትሉት ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። የሲስተሙን ዋና ክፍል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ስታበሩት ከተኛበት ይነሳል። ቶሎ ለመነሳት ጥሩ ነው፤ ግን የተጠራቀመውን ጣጣም ይዞ ነው የሚነሳው። ሪስታርት ስትሉት ነው እንደ አዲስ የሚጀምረው።

"በየቀኑ አጠፋዋለሁ እኮ!" አለች ልጅቷ። ላፕቶፑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍተን (አከፋፈቱን ከታች እነግራችኋለሁ)፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ነክተን፣ አፕ ታይም የሚለውን አየን። 41 ቀን። በየማታው የምታጠፋው ላፕቶፕ ለ41 ቀን አልጠፋም ማለት ነው።

ጥፋተኛውን ፈልጉ

ይህችን ክፍል አትዝለሏት። ብዙ ሰው ላፕቶፑ ሲዘገይበት ያገኘውን ሁሉ ማጥፋት ይጀምራል። መጀመሪያ ምኑ እንደታመመ እንይ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች "ሞር ዲቴይልስ" በሉት። ከላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ታያላችሁ። ሲፒዩ ማለት ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል ነው፤ ሜሞሪ ማለት ራሙ፣ ለጊዜው የሚሠራበት ቦታ ነው። ምንም ሳትነኩ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

የእኛው ዲስክ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ጥገና ቤቱ ሃርድ ዲስኩ ይቀየር ያለው ይህንን ገምቶ ይሆናል። ሜሞሪው ግን 92 ፐርሰንት ነበር፤ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሻግራል። የድሮ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ለጆሯችን ፈጣን ነው፤ ከራም ጋር ሲተያይ ግን ኤሊ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ተጨናንቆ ስታዩት፣ አስጨናቂው ራሱ ዲስኩ ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም ዓምዶች ጎን ለጎን እዩ። ምንም ሳትሠሩ ከፍ ብሎ የቀረው ሲፒዩው ከሆነ ደግሞ ቫይረስን ጠርጥሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ማፍጠኑን ተዉት። ፋይላችሁን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ያ ድምፅ የመሰናበቻ ነው።

ሳይጠሩ የሚመጡትን አስቀሩ

እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርታፕ የሚል አለ። ላፕቶፑ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። ልጅቷ ጋ 14 ነበሩ። የስብሰባ መገናኛው፣ የሙዚቃው፣ ወንድሟ ድሮ ይጠቀምበት የነበረ የፕሪንተር ረዳት፣ ደግሞ ሦስት "አፕዴተር"። የማይፈልጉትን በቀኝ ክሊክ ዲሴብል ማለት ነው። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሳይጠሩት መምጣቱን ብቻ ያቆማል።

የማይነኩ አሉ። አንቲቫይረሱን ተዉት። የታችፓዱንና የድምፁን ተዉት። አማርኛ የምትጽፉበት የግዕዝ ኪቦርድም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ካጠፋችሁ ነገ "ኪቦርዴ ተበላሸ" ብላችሁ ትደውላላችሁ።

"ማፍጠኛ" እና "ራም ማጽጃ" የሚባሉትንም አውጧቸው። እነሱ ራሳቸው ራም ይበላሉ። ሁለት አንቲቫይረስ ካለ አንዱ ይበቃል፤ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር ለአብዛኛው ሰው ምንም አይልም።

ቴሌግራም ስንት ቦታ ይዟል?

ሲ ድራይቭ ላይ የቀረው 9 ጊጋ ብቻ ነበር። ዊንዶውስ ለራሱ መላወሻ ቦታ ይፈልጋል። ከዲስኩ አንድ አምስተኛ ያህል ክፍት ቢሆን ደስ ይለዋል።

መጀመሪያ የተለመደውን አደረግን። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ቴምፖራሪ ፋይልስ። እዚያ ያለውን እያያችሁ ምልክት አድርጉና አጥፉ። ዳውንሎድስ የሚለው ላይ ግን ምልክት እንዳታደርጉ፤ የወረዳችሁት ሁሉ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። "ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን" የሚል ካገኛችሁ፣ ወደ ድሮው ለመመለስ ካላሰባችሁ ይሂድ። ብቻውን ብዙ ጊጋ ይይዛል።

ትልቁ ሌባ ግን ቴሌግራም ሆኖ ተገኘ። ተማሪ ሁሉን ነገር የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ ሃንድአውቱም፣ ዎርክሺቱም፣ ፊልሙም። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ በሉ። ያጠራቀመውን ያሳያችኋል፤ ማጥፋት ትችላላችሁ። መልእክቶቻችሁ አይጠፉም፣ ሰርቨሩ ላይ ናቸው። ድጋሚ ፎቶና ቪዲዮ ስትከፍቱ ግን ዳታ ይበላል፤ ካምፓስ ዋይፋይ ያለው ሰው አይጨነቅ። ከዚያ ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚል ፎልደር አለ፤ አውርዳችሁ ያስቀመጣችሁት እዚያ ነው። አንዱን የፊዚክስ ሃንድአውት ሰባት ጊዜ አውርዳው አገኘን።

ብራውዘሩን አቅሉት

4 ጊጋ ራም ላይ 23 ታብ አይከፈትም። ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚል አለ፤ ሜሞሪ ሴቨርን አብሩት። የማታዩትን ታብ ያስተኛዋል። ኤክስቴንሽኖቹንም እዩ፤ መቼ እንዳስገባችሁት የማታውቁት ካለ ይውጣ።

ጌጡን አውልቁ

ስታርት ላይ "ፐርፎርማንስ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። "አድጀስት ዘ አፒራንስ ኤንድ ፐርፎርማንስ ኦፍ ዊንዶውስ" የሚለውን ክፈቱ። "አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ" በሉት። መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያደርገው ጭፈራ ሁሉ ይቀራል።

ከዚያ አንዷን መልሱ፤ "ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ" የምትለዋን። እሷ ስትጠፋ የግዕዝ ፊደል ጥርሱ የረገፈ ይመስላል። ሐ እና ሕን ለመለየት ዓይን ይታመማል።

ከፕሪንት ቤት የሚመጣው

ፍላሻችሁ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ካያችሁ፣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሾርትከቱን ሁለቴ ስትጫኑ ነው ቫይረሱ ወደ ላፕቶፑ የሚገባው። አትጫኑ። ዲፌንደርን ከፍታችሁ ላፕቶፑን ፉል ስካን፣ ፍላሹን ደግሞ ከስተም ስካን አድርጉ። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው፣ ከዚያ "ሂድን አይተምስ" በሉ። አሁንም ካልታዩ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ "ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ" የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ሥራችሁን ስትጨርሱ መልሱት።

የተሰነጠቀ ፕሮግራም፣ ማለትም ክራክ፣ ሌላው መግቢያ ነው። ስለሱ ብዙ አልናገርም፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሙቀት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትቀመጥም ቀን ቀን ትሞቃለች። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥማ አይወራም። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት ደህና የነበረ ላፕቶፕ ከሰዓት የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩን ሳይሆን ፋኑን ጠይቁ።

መለያው ቀላል ነው። አየር ማስወጫው አጠገብ እጃችሁን አድርጉ። ፋኑ ይጮሃል፣ አየሩ ግን አይመጣም? ተደፍኗል።

አጠፋነው። ቻርጀሩን ነቀልን፣ ባትሪውን አወጣን። ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነን የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣን። ካቻቢቴ ከጎረቤት ተዋስኩ። ከመፍታቴ በፊት ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሣልኩና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩ። ብሎኖቹ እኩል አይደሉም፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ሰሌዳውን ሊወጋ ይችላል።

ፋኑን በስቴኪኒ ያዝ አድርጌ እንዳይዞር አስቆምኩት። አየር ሲነፋበት ከመጠን በላይ ከዞረ ይጎዳል። ከዚያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ። በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል የተነባበረ ግራጫ ነገር ወጣ፤ ልክ የብርድ ልብስ ቁራጭ። አቧራ አለው፣ የዶርም ፍራሽ ብናኝ አለው፣ ማታ ማታ ከሐይቁ መብራት ተከትለው የሚመጡት ትንኞችም አሉበት። በጣቴ አንስቼ አሳየኋት። ቡናዋን አስቀመጠች።

በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተጣበቀውን ብረት አትንቀሉ፤ ሥሩ ያለው ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት (ፓስታ የሚሉት) መታደስ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ላፕቶፑ ለፋን ብቻ የሚከፈት ክዳን ከሌለው፣ ደፍራችሁ ሁሉን ከምትፈቱ ከውጭ ማስገቢያና ማስወጫውን በብሩሽ ብታጸዱ ይሻላል።

ልጅቷ የምታጠናው አልጋ ላይ ነው። ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ ከታች ያለው አየር ማስገቢያ ይታፈናል። ባለቤቴ የቡና ትሪ ሰጠቻት፤ ከሥሩ እያደረገች ትጠቀምበታለች።

ቻርጀሩንም ተመልከቱ። አንዳንድ ላፕቶፖች የማያውቁት ወይም አቅሙ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካባቸው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ አድርገው ይይዙታል። ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩው ስፒድ ሥራ ላይ ሆናችሁም ከቤዝ ስፒዱ በጣም በታች ከቀረ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ

ዊንዶውስ 10ን ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመለት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አብዛኛውን አሮጌ ላፕቶፕ አይቀበልም። ለእንዲህ ያለው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም አለ፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ ዓይነት። ነጻ ነው፣ በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፣ 4 ካለው ይመቸዋል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ሩፈስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ይጠፋል። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ተጭናችሁ ከፍላሹ አስነሱት። ሳትጭኑት መሞከር ይቻላል። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ አማርኛው መሥራቱን አይታችሁ ወስኑ። ለመጫን ከወሰናችሁ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ አውጡ።

እኛ እዚህ አልደረስንም። ልጅቷ የምትማርባቸው ሁለት ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ አጥፍተን አበራነው፤ ስኒዋን ሳትጨርስ ተነሳ። አመሻሽ ላይ በባጃጅ ወደ ካምፓስ ተመለሰች። ላፕቶፑም ትሪውም አብረዋት ሄዱ። ባለቤቴ ትሪዋን እስካሁን እየጠየቀችኝ ነው።