ላትኬ፦ የሀኑካን የድንች ፓንኬክ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰሩ

ላትኬ ማለት ጥሬ ድንች ተፈቅፍቆ፣ ከሽንኩርትና ከእንቁላል ጋር ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ የአይሁዶች ምግብ ነው። ቅመም የለውም ማለት ይቻላል፤ ሙያው ያለው ከድንቹ ውሃ ማውጣቱ ላይ ነው። ድንች ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ ውሃ ስለሆነ፣ ያ ውሃ ሳይወጣ መጥበሻ ላይ ካረፈ ድንቹ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። ጠርዙ ኩርሽምሽም የሚል፣ መሃሉ ለስላሳ ላትኬ የሚወጣው ጨመቃው ላይ ካልሰነፉ ብቻ ነው።

ምግቡ የሚዘወተረው በሀኑካ በዓል ሰሞን ነው። በዓሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት በይሁዳ መቃቢ የሚመሩት አይሁዶች የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ከሶርያው ንጉሥ ከአንጥዮኮስ ሠራዊት አስለቅቀው ዳግም የቀደሱበት መታሰቢያ ነው። (በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን ስማቸው ቢመሳሰልም የሚተርኩት ሌላ ታሪክ ነው።) የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ እንደሚለው፣ ለቤተ መቅደሱ መብራት ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ዘይት 8 ቀን ነደደ፤ በዘይት የተጠበሰ ምግብ የሚበላውም ለዚሁ ነው። ድንቹ ግን የኋላ እንግዳ ነው። ቀድሞ አይብ ይጠበስ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ድንች በምስራቅ አውሮፓ የድሃው ዋና ቀለብ ሲሆን ላትኬውም የድንች ሆነ። በዚያ ብርድ አገር የወይራ ዘይት ስለማይገኝ የሚጠበሰው በዝይ ስብ ነበር። የአይሁድ ሕግ ደግሞ ስጋና ወተትን አብሮ መብላት ስለሚከለክል፣ በስብ በተጠበሰው ላይ ክሬም አይደረግበትም፤ የፖም ማባያ ቦታ ያገኘው በዚህ ነው። ዛሬ በአትክልት ዘይት ስለሚጠበስ ሁለቱም ይቀርባሉ።

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ለቪቮት በሚለው የዕብራይስጥ ስሙ ታውቁታላችሁ። ሀኑካ ከቤተ እስራኤል ጥንታዊ በዓላት አንዱ አልነበረም፤ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው አብረው ማክበር የጀመሩት።

የሚያስፈልጉት (ለአራት ወይም ለአምስት ሰው)

ድንች 1 ኪሎ፣ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት 1፣ እንቁላል 2፣ የፉርኖ ዱቄት 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለመጥበሻ የሚሆን ዘይት። በዱቄቱ ፋንታ ያልቦካው የፋሲካ ቂጣ ማጻ ተፈጭቶ የሚገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ካገኙት ይጠቀሙበት። ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ላትኬውን ወደ ኬክ ይወስደዋል።

1. ድንቹን ይምረጡ

ሲቀቀል የሚፈረካከስ ዱቄታማ ድንች ይሻላል። ለሰላጣ የሚመረጠው፣ ተቀቅሎም ቅርፁን የሚይዘው ዓይነት ስታርቹ (ድንቹን የሚያያይዘው ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር) አነስተኛ ነው። መለየት ካስቸገረዎት 1 ስኒ ጨው በ11 ስኒ ውሃ አሟሙተው ድንቹን ይጣሉበት፤ ዱቄታማው ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል።

2. ይፈቅፍቁ

ድንቹን ልጠው በመፈቅፈቂያው ትልቁ ቀዳዳ በኩል ይፈቅፍቁት። ድንቹን በቁመቱ አስተኝተው ቢገፉት ረጃጅም ክር ይወጣል፤ እርስ በርሱ ተያይዞ ያንን የሚያምር የተበጣጠሰ ጠርዝ የሚሰጠው ይህ ክር ነው። ትንሹን ቀዳዳ ከተጠቀሙ እንደ ገንፎ ይላቁጣል። ሽንኩርቱን ለብቻው ለመጨረሻ አያቆዩት፤ ትንሽ ድንች፣ ትንሽ ሽንኩርት እያፈራረቁ ይፈቅፍቁ፣ ሽንኩርቱ ድንቹ ቶሎ እንዳይጠቁር ያግዛል። የተፈቀፈቀውን ድንች በውሃ አይለቅልቁት፤ የምንፈልገው ስታርች አብሮ ይሄዳል።

3. ይጭመቁ፣ ውሃውን ግን አይድፉት

የተፈቀፈቀውን በንጹህ ስስ ጨርቅ ላይ አድርገው አራቱን ጫፍ ይሰብስቡና ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይጭመቁት። እጅዎ ሲደክም የጨርቁን ጫፍ በማማሰያ እጀታ ላይ ጠምጥመው ያዙሩት፤ አልቋል ካሉት በኋላ ብዙ ይወጣል። አንድ ኪሎውን በሁለት ወይም በሦስት ከፍለው ቢጨምቁ ይቀላል። ጨርቁን ሲፈቱት ድንቹ ደረቅ ብሎ በጣት የሚበተን መሆን አለበት።

አሁን ሳህኑን ሳይነቀንቁ 10 ደቂቃ ይተዉት። ከላይ ቀላ ያለ ውሃ ይቀራል፣ ከስር ነጭ ነገር ይዘቅጣል። የእንሰት ቡላ የሚገኝበት ዘዴ ይኸው ነው። ውሃውን ቀስ ብለው ያንቆርቁሩት፤ ነጩ ሳህኑ ላይ ድርቅ ብሎ ስለሚጣበቅ አብሮ አይፈስም። ያ ስታርች ከዱቄት የተሻለ ማያያዣ ነው። ብዙ የምግብ አሠራር መመሪያዎች “ጨምቀው ውሃውን ይድፉ” ብለው ያልፉና፣ ኋላ ሲበታተን ዱቄት እንዲጨመር ያዛሉ። ዱቄት የበዛበት ላትኬ ደግሞ ጣዕሙ የዳቦ ነው።

4. ይለውሱ

እንቁላሎቹን ስታርቹ ላይ ሰብረው በሹካ እየፋቁ ይምቱ፤ ግግር ብሎ የነበረው ይሟሟል። ድንችና ሽንኩርቱን፣ ዱቄቱን፣ ቁንዶ በርበሬውን ጨምረው በእጅ ይለውሱ። ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ዘይቱ ከተጣደ በኋላ ነው፤ ጨው የነካው ድንች ወዲያው ውሃ ያወጣል። ሆኖም እየጠበሱ ሳለ ሳህኑ ስር ውሃ መጠራቀሙ አይቀርም፤ በማንኪያ ሲዝቁ ያንን ወደ ኋላ ይተዉት።

5. ይጥበሱ

ከባድ መጥበሻ ይጠቀሙ። ዘይቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው፤ ዘይት መቆጠብ እዚህ ላይ አያዋጣም፣ ዘይት ባነሰ ቁጥር ጠርዙ ሳይበስል መሃሉ ያርራል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ክር ድንች ጣል ያድርጉ፤ ወዲያው ዙሪያውን አረፋ ከብቦት ከተንጨረጨረ ደርሷል፣ ዝም ካለ ገና ነው፣ ጭስ ካለው እሳቱን ይቀንሱ።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ሊጥ አስቀምጠው በማንኪያው ጀርባ አንድ ሳንቲሜትር እስኪሳሳ ድረስ ቀስ ብለው ያስተኙት። ጠርዙን ክብ ለማድረግ አይጨነቁ፤ ወጣ ወጣ ያሉት ክሮች ናቸው የሚጣፍጡት። በአንድ ጊዜ ከአራት በላይ አይጣዱ፣ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘ ዘይት ውስጥ የዋለ ላትኬ ዘይቱን ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን አይነካኩት። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ በኋላ በመገልበጫ ከራስዎ አርቀው ይገልብጡና ለሁለተኛው ጎን ያንኑ ያህል ይስጡት። በየዙሩ መካከል የቀሩትን ፍርፋሪዎች ይልቀሙ፤ አለዚያ ያርሩና ዘይቱን ያመርራሉ። ዘይት ከጨመሩም እስኪግል ይጠብቁ።

የወጣውን በወረቀት ላይ ከመደራረብ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ዘርዘር ማድረግ ይሻላል። ከስር የታፈነ እንፋሎት ያንን የደከሙበትን ጠርዝ በሁለት ደቂቃ ያለሰልሰዋል። እንግዶች እስኪቀመጡ 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ምንም ቢሆን ግን ከመጥበሻ ወደ አፍ የገባውን አያህልም።

በጾም ለሚሰሩት

ሀኑካ በአብዛኛው በታህሣሥ ስለሚውል ጾመ ነቢያት ውስጥ ይገባል፤ እንቁላሉ ይቀር እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። ይቀራል። ዱቄቱን ወደ 5 የሾርባ ማንኪያ ከፍ ያድርጉ፣ ስታርቹን በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያሟሙት፣ ላትኬውን አነስ አድርገው ይስሩ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይገልብጡ። እንዲያውም ያለ እንቁላል ሲሰራ ጠርዙ ይበልጥ ይደርቃል።

ማባያው

አራት ፖም ልጠው፣ ፍሬውን አውጥተው ይክተፉና ከሩብ ስኒ ውሃ፣ ከጥቂት ሎሚና ከቁንጥር ቀረፋ ጋር ከድነው 20 ደቂቃ ያህል በለዘብተኛ እሳት ያብስሉ፤ ከዚያ በሹካ ይፍጩት። ስኳር የሚያስፈልገው ፖሙ ከኮመጠጠ ብቻ ነው። ለክሬሙ፣ ኮምጠጥ ያለው ክሬም ካልተገኘ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ውሃው የወጣ እርጎ በደንብ ይተካዋል። ሚጥሚጣ ለሚነሰንስበትም አልፈርድም፣ ቀደምቶቹ ባያውቁትም ከእርጎው ጋር ይስማማል።

የተረፈውን ማይክሮዌቭ ውስጥ አይክተቱ፤ ይላሽቃል። 200 ዲግሪ በጋለ ኦቨን 10 ደቂቃ፣ ኦቨን ከሌለ ደግሞ ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ በቀስታ እሳት፣ ሳይከድኑ።