ኪችሪ አልበስል፣ አልጣፍጥ ሲል

ኪችሪ የህንዶች ምግብ ነው። ሩዝና የማሾ ክክ አንድ ላይ እስኪዋሃድ ይቀቀላል። እርድ፣ ዝንጅብልና ከሙን ይገባበታል። አዩርቬዳ የሚባለው የህንድ ባህላዊ ህክምና ለሆድ ቀላል ነው ብሎ ይመርጠዋል፤ ለታመመ ሰውም ይሠሩለታል። «መርዝ ከሰውነት ያጥባል» የሚለውን ወሬ ተዉት። ጥሩ ምግብ መሆኑ ይበቃል፣ በትክክል ከተሠራ።

ሩዙ ገንፎ ሆነ፣ ማሾው ግን ጥሬ ነው

ብዙ ሰው የሚማረረው በዚህ ነው። መጀመሪያ የገዛችሁትን ማሾ እዩት። አረንጓዴና ድፍን ነው? አብዛኛው አሠራር የሚፈልገው ተልጦ የተከካውን፣ ቢጫውን ነው። ቢጫው ከሩዝ ጋር ይደርሳል፤ ድፍኑ ወደኋላ ይቀራል። ያላችሁ ድፍኑ ብቻ ከሆነ ማታ ዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ ለብቻው ቀቅሉት። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኗት ወዲያው ከፈረሰች ሩዙን ጨምሩ። ከዚያ በፊት አይሆንም።

ክኩን ገዝታችሁም እምቢ ካለ፣ ነገሩ የከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባህር ጠረፍ ላይ ባለችው የህንድ ከተማ ሙምባይ 100 ነው። «20 ደቂቃ ይበቃዋል» የሚለው አሠራር ለእነሱ የተጻፈ ነው። እሳት ማንቦልቦል ደግሞ አያዋጣም፤ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ተገላገለ። የሌለው ክኩን አንድ ሁለት ሰዓት ይዘፍዝፍ፣ ክዳኑን ይግጠም፣ የፈላ ውሃ ጠብ እያደረገ ይታገስ። ለ1 ኩባያ ሩዝና ለ1 ኩባያ ክክ ብዙ ጊዜ 6 ኩባያ ውሃ ይባላል። እኔ 7 አዘጋጃለሁ።

አሁንም ከጠጠረ ወይ ማሾው አርጅቷል፣ ወይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ገብቶበታል። ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ሎሚውን ከወጣ በኋላ ጭመቁበት።

የሆስፒታል ምግብ መሰለ

ቅመሙን ውሃው ላይ በትናችሁት ይሆናል። የቅመም ሽታ በደንብ የሚወጣው በቅባት ነው። በትንሽ መጥበሻ ቅቤ አግሉና አንድ ፍሬ ከሙን ጣሉበት። ዙሪያውን አረፋ ከሠራ ቀሪውን ጨምሩ። ጠቆር ሲልና ቤቱን ሲያውደው የተከተፈውን ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ እርዱን። እርድ ዱቄት ስለሆነ ለማረር ጊዜ አይፈጅበትም፤ ካረረ ደግሞ ይመራል። ወዲያው ድስቱ ላይ ገልብጡት። «ጭሽ» ካላለ ቅቤው ቀዝቅዟል ማለት ነው።

ጣዕሙ ወጥ ወጥ አለ

የኛ ንጥር ቅቤ ነው። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። እኔ አልጠላውም፤ ግን ሌላ ምግብ ሆነ ማለት ነው። የህንዱን ጣዕም ከፈለጋችሁ ጨው የሌለው ቅቤ ያለ ቅመም በለስላሳ እሳት አንጥሩ። ለጾም ዘይት ይተካዋል።

ሆድ ነፋ

የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ አትጠቀሙበት። ከህንድ ቅመም መሸጫ ሂንግ የሚባለውን ሽታው የበረታ የተክል ሙጫ ግዙና ቁንጥር ያህል ቅቤው ውስጥ ጨምሩ። ጥሬው አፍንጫ ያስይዛል፤ ሲጠበስ ግን ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሆናል። ስንዴ የማይስማማው ሰው እሽጉን ያንብብ፣ ብዙ ጊዜ ከዱቄት ጋር ይቀላቀላል።

አረረ

አታማስሉት። ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ቀስ ብላችሁ አዛውሩ።

በማግስቱ ደረቀ

ያለ ነው። ሩዙ ሲቀዘቅዝ ውሃውን መጦ ይጠጥራል። የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በዝግታ አሙቁት፣ ጨውም ቅመሱ። የተረፈውን ግን ውጭ አታሳድሩ። የተቀቀለ ሩዝ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢያሞቁትም አይጠፋም። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።