የቤተሰብዎን የካርቦን ጭስ በኪሎ እንዴት ያሰላሉ?

የምድር ሙቀት እየጨመረ የመጣው በዋናነት የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠሉ፣ ደንም በመመንጠሩ ነው፤ በኢንዱስትሪው አብዮት ዋዜማ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበሩ ሲሆን ዛሬ ቁጥሩ ከ420 አልፏል። የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደብተርና የሁለት ወር ትጋት ይበቃል።

በመኪናው ይጀምሩ። ማደያ በገቡ ቁጥር የከፈሉትን ብር ሳይሆን የቀዱትን ሊትር ይመዝግቡ፤ ብሩ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ለስሌቱ አይሆንም። በወሩ መጨረሻ የሊትሩን ድምር፣ ነዳጁ ቤንዚን ከሆነ በ2.3፣ ናፍጣ ከሆነ በ2.7 ሲያባዙት ከጭስ ማውጫው የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኪሎ ያገኛሉ። 40 ሊትር ቤንዚን 92 ኪሎ ይሆናል፤ ኩንታል ሊሞላ 8 ኪሎ ብቻ የቀረው ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ብቻ እየመዘነ ጭሱ እንዴት ሦስት እጥፍ ሊከብድ ቻለ የሚል ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ነዳጁ ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአየር ሁለት የኦክስጅን አተሞችን ስለሚወስድ 12 የነበረው ክብደት 44 ይሆናል።

ከሰሉን ለብቻው ያስፍሩ። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በባህላዊው መንገድ ሲከሰል ደግሞ ለአንዱ ኪሎ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ስለሚፈጅ፣ ማዳበሪያው ከደጅዎ ሳይደርስ የወጣው ጭስ ቀላል አይደለም። በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ሌላ ካደገ ጋዙ ተመልሶ ይመጠጣል፤ ካላደገ አየር ላይ ይቀራል። ገዢ ይህን የሚያጣራበት መንገድ ስለሌለው እኔ ሙሉውን እንዲቆጥሩት እመክራለሁ። ቡታ ጋዝ የሚጠቀሙ ኪሎውን በ3 ያባዙ።

ኤሌክትሪክ ላይ ብዙ አይድከሙ፤ የኢትዮጵያ ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ የእንጀራ ምጣዱ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። ሪያድ ያለ ዘመድዎ ይህንኑ ስሌት ቢሠራ ግን የአየር ማቀዝቀዣው መብራት ከጋዝና ከነዳጅ ዘይት ስለሚመጣ ቆጣሪውን መዝለል አይችልም። መብራት ሲጠፋ የምታስነሡት ጄኔሬተር ካለ፣ የሚጠጣው ነዳጅ ከመኪናው ጋር ይደመር።

በክረምት ከሰል በብዛት ስለሚነድ አንድ ወር ዓመቱን አይወክልም። ምዝገባውን አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ አንድ ጊዜ በጥር አካሂደው አማካዩን በ12 ያባዙ፤ ለጳጉሜንም የአምስት ቀን ድርሻዋን ይጨምሩላት።