የላይቭ ክፍል ከመምረጣችሁ በፊት ፕሮፋይሉን አንብቡ

አንድ የላይቭ ክፍል (ሰዎች በኢንተርኔት በቀጥታ የሚነጋገሩበት መድረክ) አፑ በሚያሳየው ዝርዝር ላይ ከላይ ስለተቀመጠ ወይም ብዙ ሰው ስለገባበት ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን ተዉትና የአዘጋጁን ፕሮፋይል ክፈቱ። ስለምን እንደሚያወራ በግልጽ ጽፏል? የቀድሞ ልጥፎቹስ ከክፍሉ ርዕስ ጋር ይሄዳሉ? አካውንቱ ገና ትናንት የተከፈተ ከሆነ፣ ወይም ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ወደ ሌላ ቦታ የሚጎትት ሊንክ ብቻ ከሆነ እለፉት። የፎቶ ማማር ምንም አያረጋግጥም፤ ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

ስትገቡ ማይካችሁን ዝጉና ትንሽ አዳምጡ። እኔ ከሁሉም በላይ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሲሰደብ አዘጋጁ ምን ያደርጋል? ዝም ካለ፣ ነገ እናንተንም አያስጥልም። ደንብ የሚያስከብሩ ረዳቶች ያሉበት ክፍል ውስጥ ግን ጀማሪም ደፍሮ ይናገራል፤ እንዲህ ዓይነቱን ስታገኙ ፎሎው አድርጉት።

ኤክስ ስፔስ (የኤክስ፣ የቀድሞው ትዊተር፣ የድምፅ ውይይት ክፍል) ላይ አዘጋጁ ውይይቱን መቅዳት ይችላል። የግል ጉዳይ ከማንሳታችሁ በፊት የመቅጃ ምልክት መኖር አለመኖሩን እዩ።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ በገንዘብ የሚገዛ ስጦታ ለአዘጋጁ መላክ የሚፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ዕድሜያችሁ ቢደርስም፣ «ላኩ፣ ላኩ» እያለ የሚወተውት ክፍል ውስጥ አትቆዩ።