አልበምን በፍላሽ ከነግጥም ቡክሌቱ እንዴት ማውጣት ይቻላል

ካሴቱም ሲዲውም ከሱቅ ከጠፉ ወዲህ በራሱ ወጪ አልበም የሚሠራ ድምፃዊ ለአድማጩ በእጅ የሚያስረክበው ነገር አጥቷል። ስም የታተመበት ቲሸርት ይሸጣል፤ ሙዚቃው ግን አብሮት አይሄድም። ፍላሽ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ታክሲውም የቤት መኪናውም የሚያጫውተው እሱን ነውና። ስለዚህ ሥራው የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ ፍላሹ የመኪና ቴፕ ላይ ሲሰካ አልበሙ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ በተራው መጫወት አለበት።

1. ፍላሹን ምረጡ

12 ዘፈን ያለው የ60 ደቂቃ አልበም በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ 144 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት በ16 ቢት ዌቭ ደግሞ 600 ገደማ። ሁለቱ ተደምረው 1 ጊጋ አይሞሉም፤ ለ32 ጊጋ ገንዘብ አታውጡ። ኤቲኤም ካርድ የመሰለው ፍላሽ ሙሉ ፎቶ ስለሚይዝ ያማልላል፤ ነገር ግን ከቴፑ ወጥቶ ስለሚቀር መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይላቀቃል። አጭሩ የብረት ፍላሽ ይሻላል፤ ስማችሁ በሌዘር ከተቀረጸበትም አይለቅም።

መርካቶ በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት ከዚያው ካርቶን 3 ፍሬ ወስዳችሁ ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሹ። 8 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ያነሰ ፍላሽ ይሸጣል። አንድ እንዲህ ያለ ከተገኘ ካርቶኑን በሙሉ ተዉት።

2. ፋይሎቹን አዘጋጁ

የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደል፣ ከፊቱ 01፣ 02 እያላችሁ ጻፉ። በግዕዝ ፊደል ከጻፋችሁ ብዙ ቴፖች ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያሉ፤ አማርኛው ቦታው ቡክሌቱ ላይ ነው። ዌቮቹን ዚፕ አድርጉ፤ ማለትም አንድ ላይ በአንድ ፋይል አሽጓቸው። ያለዚያ ቴፑ እያንዳንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ሊያጫውት ይችላል።

3. ተራውን ጠብቃችሁ ቅዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሙ ፊት ቁጥር መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ የመኪና ቴፖች ዘፈን የሚያጫውቱት ፍላሹ ላይ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ በስም ደርድሮ ስለሚያሳያችሁ ችግሩ አይታያችሁም። 12ቱን አንድ ላይ መርጣችሁ፣ 7ኛውን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ቀድሞ የሚጻፈው 7ኛው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መግቢያ ብላችሁ የሠራችሁት ሙዚቃ መሀል ላይ ይመጣል።

ስለዚህ አንድ ፍላሽ ማስተር፣ ማለትም ሌሎቹ የሚባዙበት ዋና ቅጂ፣ ይሁን። ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት አድርጉት፤ ሌላውን አቀማመጥ፣ ኤንቲኤፍኤስን፣ የማያነብ ቴፕ ብዙ ነው። ከዚያ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ቅዱ፤ 01 ተቀድቶ ሳያልቅ 02ን አትንኩ። ዚፑ መጨረሻ ይግባ። በኋላ 4ኛው ዘፈን ላይ ስህተት ተገኝቶ ብትቀይሩት እሱን ብቻ ሰርዞ መተካት ተራውን ሊያዛባው ይችላል። ማስተሩን እንደገና ፎርማት አድርጋችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ ቅዱ፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በማክ ስትቀዱ በነጥብ የሚጀምሩ ድብቅ ፋይሎች ይፈጠራሉ፤ አንዳንድ ቴፕ እነሱን ዘፈን መስለውት ይቆማል። ይህን ሥራ በዊንዶውስ ሥሩት።

ማስተሩን ቢያንስ 3 የተለያዩ መኪኖች ላይ፣ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ጨምራችሁ፣ እስከ መጨረሻው ዘፈን ሞክሩት።

ሲባዛ ፋይል እየጎተታችሁ አታባዙ፤ የደከማችሁበት ተራ ይጠፋል። ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር በተባለው ፕሮግራም የማስተሩን ሙሉ ኢሜጅ (ፍላሹን እንዳለ የሚገለብጥ አንድ ፋይል) አንብባችሁ ያንኑ ሌሎቹ ላይ ጻፉ። 8 ጊጋ የተባለ ሁሉ እኩል አይደለም፤ በጥቂት ሜጋባይት ያነሰው ኢሜጁን አይቀበልም። ለዚህ መፍትሔው ማስተሩን 4 ጊጋ፣ የሚባዙትን 8 ጊጋ ማድረግ ነው።

4. ቡክሌቱን አሳትሙ

16 ገጽ ኤ6 ከ2 ኤ4 ወረቀት ይወጣል፤ የገጹ ብዛት ሁልጊዜ ለ4 የሚካፈል ይሁን። ውስጡ ባለ 120 ግራም ወረቀት፣ ሽፋኑ ባለ 250 ግራም ሆኖ መሀሉን ሁለት የስቴፕለር ስፒል ይበቃዋል። ፊደሉን ከ9 ነጥብ (ፖይንት) አታሳንሱ፤ የ«ቡ» እና የ«ቢ» ቅጥል በቀለም ሲዋጥ ስንኙ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፎንት ከተጻፈ ማተሚያ ቤቱ ሲከፍተው ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ፊደሎቹን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል፣ ቀይራችሁ በፒዲኤፍ ላኩ።

ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ የሠራው ሰው ስም ይግባ። የግጥምና የዜማ ባለቤቶችን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው እነሱንም ነው።

የጀርባው ሽፋን ላይ ኪውአር ኮድ አስገቡ፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይኖር ይችላል። ኮዱ የሚወስደው እናንተ ልትቀይሩት ወደምትችሉት የራሳችሁ ገጽ ይሁን፤ የታተመ ኮድ አይታረምም።

መጀመሪያ 100 ፍሬ አውጡ። ከእነሱ 5ቱን አትሽጡ፤ «አልሠራም» ብሎ ለሚመጣ ገዢ በዚያው ሰዓት የሚተካለት ነው።