የማግኔቶስፌርን የኤክስሬይ ምስል በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እየተማሩ የመመረቂያ ጥናታቸውን በኅዋ ሳይንስ ላይ መሥራት ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። ከተማችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች እዚህ የሚጠናው በአብዛኛው አዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት የላይኛው ከባቢ አየር ነው፤ ይሁንና አዮኖስፌርን የሚያናውጠው ኃይል የሚመጣው የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈስ የቅንጣቶች ጅረት) ከማግኔቶስፌር፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከሚቆጣጠረው የኅዋ ክፍል ጋር ከሚፋጠጥበት ድንበር በመሆኑ፣ ይህን ድንበር በኤክስሬይ ለመቅረጽ የታቀደው ስማይል የተሰኘው የአውሮፓና የቻይና የጋራ ተልእኮ እኛንም ይመለከተናል።

የፀሐይ ነፋስ ብዙ ኤሌክትሮኖቻቸውን ያጡ እንደ ኦክስጅን ያሉ አዮኖችን ይዞ ይመጣል። አዮኖቹ ምድርን ከሩቅ ከሚከብበው ስስ የሃይድሮጅን ጋዝ ኤሌክትሮን ሲነጥቁ ለስላሳ (ጉልበቱ ዝቅተኛ የሆነ) ኤክስሬይ ይወጣል። ክስተቱ ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1996 ሮሳት የተባለችው ሳተላይት ከሃያኩታኬ ጅራታም ኮከብ የወጣ ኤክስሬይ ከመዘገበች በኋላ ነው።

ሥራውን የፕላዝማ (በአዮኖችና በኤሌክትሮኖች የተሞላ ጋዝ) ጥግግት፣ ፍጥነትና ሙቀት በያዘ ባለ ሦስት አቅጣጫ ፍርግርግ ይጀምሩ። በየነጥቡ የሚወጣው ጨረር የፕላዝማው ጥግግት፣ የሃይድሮጅኑ ጥግግት፣ የአዮኖቹ አማካይ ፍጥነትና አንድ የመስተጋብር ቋሚ ቁጥር ብዜት ነው። ሃይድሮጅኑን ከምድር መሃል በ10 የምድር ሬዲየስ ርቀት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 25 አቶም አድርገው ይውሰዱ፤ ከዚያ ወዲያ በርቀቱ ኪዩብ ልክ ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቀጣዩ እርምጃ ነው። ፕላዝማን እንደ አንድ መግነጢሳዊ ፈሳሽ የሚያሰሉት የማግኔቶ-ፈሳሽ ሞዴሎች ከፀሐይ የመጣውን ፕላዝማ ከምድር ከወጣው አይለዩም፤ ስለዚህ ከድንበሩ ወደ ውስጥ ያለው ጥግግት በከፍተኛው የሃይድሮጅን መጠን ሲባዛ በእውኑ የሌለ ደማቅ ክብ በምድር ዙሪያ ይፈጠራል። ድንበሩን በፍሰቱና በሙቀቱ ለውጥ ይለዩና በውስጡ ያለውን ጨረር ዜሮ ያድርጉት። ይህን የዘለለ ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ለጥናት አይበቃም።

ከዚያም ከሳተላይቱ በሚነሳ በእያንዳንዱ የእይታ መስመር ላይ ጨረሩን ደምረው ለ4ፓይ ያካፍሉ። ኮዱን ከማመንዎ በፊት በወረቀት ያስሉ፦ የፕላዝማው ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 20፣ የሃይድሮጅኑ 25፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት 5 የምድር ሬዲየስ፣ ቋሚ ቁጥሩም 10 ሲነሳ በ-15 ኤሌክትሮን ቮልት ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ውጤቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በሰከንድና በስቴራዲያን 3.8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ኮድዎ ከዚህ በሺዎች እጥፍ ከራቀ ኪሎ ሜትርን ወደ ሴንቲ ሜትር የለወጡበትን መስመር ይመርምሩ። መብራት ስለሚቋረጥም የእያንዳንዱን እርምጃ ውጤት በፋይል ያስቀምጡ።

በምስሉ ላይ ደማቁ ቅስት የሚታየው የእይታው መስመር ድንበሩን ታክኮ በሚያልፍበት አካባቢ ነው። ማለዳ ጣና ላይ የተኛው ጉም ሽቅብ ሲያዩት ስስ፣ ወደ አድማስ ሲያዩት ግን ወፍራም እንደሚመስለው ሁሉ፣ እዚህም መስመሩ በአብሪው ንብርብር ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል።

በመጨረሻ ምስሉን በ15.5 በ26.5 ዲግሪ ይከርክሙት፤ የስማይል ካሜራ የእይታ መስክ ይህን ያህል ነው። ከበስተጀርባ ያለውን የሰማይ ኤክስሬይ ይጨምሩ፤ የመሣሪያውን የመሰብሰብ አቅምና የምልከታውን ጊዜ አባዝተው ብርሃኑን ወደ ፎቶን ቆጠራ ይለውጡ፤ ቆጠራውንም የፎቶን ቆጠራን የዘፈቀደ መዋዠቅ በሚገልጸው በፖይሰን ሥርጭት ያዋዥቁት። ከዚያ ይህንኑ በተለያዩ የዘፈቀደ ቁጥሮች ደጋግመው፣ ከእያንዳንዱ ምስል የተገኘው የድንበር ቦታ ከሞዴሉ እውነተኛ ድንበር ምን ያህል እንደሚርቅ ይመዝግቡ።